መርዘኛ እባብን በቤት ማኖር ለክርስቲያን የተገባ ነውን?

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ወረቀት አርእስት ባየህ ጊዜ ምናልባት ትስቅ ይሆናል። «በአገራችን እባብ ሲታይ ሰው ዱላ ፍለጋ ይሮጣል እንጂ የሚያኖርበትን ሣጥን ፍለጋ አይሮጥም» ትል ይሆናል። እውነትም እባብ ያየ በልጥ በረየ ተብሎ የሚተረትበት አገር ነው። ነገር ግን ጥያቄው ከኢሉባቦር ሩቅ አይደለም፤ ይልቁንም ከመቱ ተነሥቶ ወደ በደሌ የሚሄድ መንገደኛ በሚሻገረው በአንድ ድልድይ አጠገብ ይጀምራል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ቮልፍጋንግ ቦሜ የተባለ በቦን ከተማ ቤተ መዘክር የሚሠራ የጀርመን ሊቅ፥ በመቱና በበደሌ መካከል በዶኪ ወንዝ ድልድይ አጠገብ የተገኘውን እፉኝት መርምሮ፥ ከዚያ በፊት በሊቃውንት መጽሐፍ ያልተጻፈ ዓይነት መሆኑን አስታወቀ። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዘመናት፥ ከአንዱ አዋጅ በቀር፥ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በደሌ ያን ጊዜ በኢሉባቦር ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ናት። ለእፉኝቱም ቢቲስ ፓርቪዮኩላ የሚል ስም ወጣለት፤ የኋለኛው ቃል ትርጓሜ ዓይነ ትንሽ ማለት ነው። ቢጫና ጥቁር ኅብር ያለው፥ ለሚያየው እጅግ ያማረ፥ በደጋውና በወይና ደጋው ደን የሚኖር እባብ ነው። ለብዙ ዘመን ሊቃውንት ከጥቂቶች በቀር አላገኙትም ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአውሮፓና በአሜሪካ በግል ሰዎች ቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይታይ ጀመር። ለእርሱ ብቻ ተብሎ የተሠራ የመርዝ ማርከሻ የለም፤ በእርሱ የተነደፈ ሰው ለሌሎች የአፍሪካ እፉኝቶች በተሠራው ማርከሻ ይረዱት ዘንድ ይሞከራል።

እንግዲህ የእኛ ዱር ፍጥረት በሌላው ዓለም የቤት ጌጥ ሆኖአል ማለት ነው። በሩቅ አገር በገንዘብ የሚፈለግ አውሬም በአገሩ ያዥ ያስፈልገዋል፤ ፈላጊ ባለበት ያዥ አይጠፋምና። ደግሞም ዛሬ የመቱና የጎሬ ወጣት በእጅ ስልኩ የሚያየው ብዙ ነው፤ እባብ በአንገቱ ጠምጥሞ የሚስቅ ሰው ያያል፥ ሺህ ሰውም ሲያደንቀው ያያል። «እኔስ ከዚህ ሰው በምን አንሳለሁ?» የሚል አሳብ በልቡ ቢገባ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ቀድሞ መመርመር ይገባናል።

አስቀድሜ ግን ከመንገዳችን አንድ ድንጋይ ላንሣ። ብዙ ሰዎች በዚህ ነገር ሲናገሩ በኤደን ገነት ከሆነው ይጀምሩና፥ እባብ የተረገመ ስለሆነ እርሱን የሚያኖር ሰው የሰይጣን ወዳጅ ነው ብለው ይፈርዳሉ። ይህን ክርክር አልቀበለውም። በዶኪ ወንዝ ዳር ቅጠል ለብሶ የተኛው እፉኝት ኃጢአት አልሠራም፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ፍጥረት ነው፤ ሲረገጥ ይነድፋል፥ ሳይነኩት ግን ሰውን ፍለጋ አይሄድም። እህላችንን የምትጨርሰውን አይጥ የሚበላውም እርሱ ነው። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን በላከ ጊዜ ከእባብ ልባምነትን ይማሩ ዘንድ ነግሮአቸዋል። እባቡን በመስደብ የሚጀምር ትምህርት እባቡን በመግደል ያልቃል፤ ባለ ሣጥኑን ሰው ግን ሳይነካው ያልፋል። የእኛ ጥያቄ ስለ ሰውዬው ነው።

በኦሪት ዘጸአት በሃያ አንደኛው ምዕራፍ ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። አንብበው፥ አንባቢ ሆይ፤ ከብዙ ስብከት ይልቅ ለዚህ ነገር ይጠቅማል። በሬው ከዚያ በፊት ተዋግቶ የማያውቅ ሆኖ ሰው ቢገድል፥ በሬው ይገደላል እንጂ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው የመውጋት ልማድ ያለው ሆኖ፥ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል፥ ዕዳው በባለቤቱ ነፍስ ላይ ይመጣል። የሕጉ ሚዛን ያለው በማወቅ ላይ ነው። እንግዲህ አስተውል፤ የበሬ ባለቤት «በሬዬ ገር ነበር፥ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብሁም» ማለት ይችላል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ ምክንያት ያድነዋል። የመርዘኛ እባብ ባለቤት ግን ይህን የሚልበት ቀን ከቶ የለውም። እባቡ መርዘኛ መሆኑን አውቆ፥ አንዳንዴም ስለ መርዙ ብሎ፥ ወደ ቤቱ አስገብቶታልና። የተነገረው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው።

«እኔ እኮ ሣጥኑን እቆልፋለሁ» የሚል ይኖራል። ስለዚህ በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በሰሜን ካሮላይና፥ ራሊ በምትባል ከተማ የሆነውን ልንገርህ። በሰኔ ወር መጨረሻ አንዲት ወደ ዓይን መርዝ የምትተፋ ኮብራ በሰው ቤት ደጃፍ ታየች። ከተማው ታወከ፤ ልጆች ከደጅ ተከለከሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተያዘች። ነገሩ ሲመረመር ባለቤቱ በዚያው ሰፈር ብዙ መርዘኛ እባቦችን የሚያኖር ጎልማሳ ሆኖ ተገኘ፤ ኮብራዪቱም ካመለጠች ሰባት ወር ያህል ሆኖአታል፤ ከ2020 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ ማለት ነው። እርሱ ግን ለባለሥልጣን አላስታወቀም ነበር። በዚህም መካከል፥ በመጋቢት ወር፥ ማምባ የተባለው ሌላው እባቡ ራሱን ነድፎት ነበር፤ ያዳነውም ማርከሻ ከሌላ ክፍለ ሀገር የእንስሳት ማሳያ የመጣ ነው። በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ እባቦቹን አስረከበ።

ይህን የምነግርህ በሰውዬው ልፈርድ አይደለም። የሚያስፈራኝ ያ የሰባት ወር ዝምታ ነው። ያ ጎልማሳ ባመለጠችው እባብ ምክንያት ክፉ ሰው አልሆነም፤ ማንም ቁልፍ ይስታል። ነገር ግን ቢናገር እባቦቹን ሁሉ እንደሚያጣ ያውቅ ነበረ፤ ስለዚህ በየማታው ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን በሣር ላይ ሲያጫውቱ እያየ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ሀብት ባለቤቱን የሚያስገባበት ፈተና ይህ ነው። ላም የጠፋችበት ሰው በየመንደሩ ይጮኻል፤ እባብ የጠፋበት ሰው ግን ድምፁን ያጠፋል።

አሁን ደግሞ ያንን ሣጥን ከራሊ አንሥተህ በመቱ፥ በሁሩሙ ወይም በያዮ ባለ ቤት ውስጥ አኑረው። በእኛ አገር ቤት የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ቡና በተፈላ ጊዜ ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል፤ የጎረቤት ልጅ ወንፊት ተልኮ ይመጣል፥ ያላየውን ነገር ሁሉ ሳይነካ አይመለስም። ከገጠር ለገበያ ወይም ለሕክምና የመጣ ዘመድ ምንጣፍ ተነጥፎለት በመሬት ይተኛል፤ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ እርሱም በጨለማ በሩን እየዳሰሰ ወደ ደጅ ይወጣል። ከእነዚህ ማንኛቸውም «በዚህ ቤት መርዝ አለ፤ ልግባ ወይስ ልቅር?» ተብለው አልተጠየቁም። አንተ ለራስህ የመረጥኸውን አደጋ እነርሱ ሳይመርጡ ይሸከሙታል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ቤት ሠራተኛዪቱ አስባለሁ። ሣጥኑ ያለበትን ክፍል በየማለዳው የምትጠርገው እርስዋ ናት። እፈራለሁ ብትል እንጀራዋ ሊቀርባት ነው፤ ስለዚህ አትናገርም። ጌታዋም ዝምታዋን ልማድ ነው ብሎ ይተረጕመዋል፤ «ለምዳዋለች» እያለም ለእንግዳ ይነግራል። አንባቢ ሆይ፥ ስለ አውሬ ፍቅር በሚነገርበት ጉባኤ ሁሉ ይህችን ልጅ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አልሰማሁም።

«እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ሚስትም ልጅም ሠራተኛም የለኝም፤ የምጎዳ ብሆን በራሴ ነው» የሚልም አለ። የተነደፍህ ቀን ግን ብቻህን አትሆንም። በቃሬዛ የሚሸከምህ ጎረቤት፥ እባቡ ተፈትቶ ወዳለበት ክፍል ገብቶ የሚያነሣህ ወንድም፥ እንቅልፉን የሚያጣ ሐኪም፥ በመጨረሻም እናትህ ከነገሩ ውስጥ ይገባሉ።

ማርከሻውንም አስብ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. የእባብን ንድፊያ ችላ ከተባሉት የቆላ አገር በሽታዎች መካከል ቈጥሮታል። በግምቱም በየዓመቱ 5.4 ሚልዮን የሚያህሉ ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱት ይሞታሉ። የሚበዙትም በእርሻና በግጦሽ ያሉ ድሆች ናቸው። ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረ ፋቭ አፍሪክ የተባለ ማርከሻ ነበረ፤ የሚሠራው ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. መሥራቱን ተወ፥ የመጨረሻውም ክምችት በ2016 ዓ.ም. ጊዜው አለፈበት። በጫካ ቡና ሲለቅም እግሩን የተነደፈ ገበሬ እባቡን አልፈለገውም፤ ለልጆቹ እንጀራ ሲፈልግ ነው የተገናኙት። እንግዲህ ማርከሻው እንዲህ ብርቅ በሆነበት ዘመን፥ አንድ ሰው ለደስታው ብሎ ካስገባው እባብ የተነሣ ከዚያ ጠርሙስ ቢጠጣ፥ ከማን ድርሻ እንደ ጠጣ ይወቅ። በሐኪም ቤት ለእርሱ ሊከለከል አይገባም፤ የሰው ነፍስ ነውና። አስቀድሞ ራሱን ከዚያ ሰልፍ ማራቅ ግን በእጁ ነበረ።

አሁን ወደሚከብደው ተቃውሞ ደርሰናል። በኢሉባቦር ዱር ቀፎ በየዛፉ ተሰቅሎ ይታያል። ንብም ይነድፋል፤ ሰውንም፥ በሬንም የገደለበት ጊዜ አለ። ውሻ ይነክሳል፥ በሬ ይዋጋል፥ ፈረስ ይራገጣል። እነዚህን ካልከለከልህ እባቡን በምን ፍርድ ትከለክላለህ? ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በአደጋ ብቻ ብንለካ ለእባብ ከንብ የባሰ ፍርድ ለመስጠት እንቸገር ነበር።

ነገር ግን ንብ አናቢው ቀፎውን ከመኝታው ራስጌ አይሰቅልም፤ ከሰው መንገድ አርቆ፥ ወደ ዛፍ ላይ ያወጣዋል። አገር ሁሉ ቀፎው ያለበትን ያውቃል፥ ጭሱንም ያያል። ማሩ ለሕመምተኛ፥ ለእንግዳ፥ ለጠጅ ይሆናል፤ አደጋውን ከተካፈለው ጎረቤት ብዙው ከማሩም ይቀምሳል። በሬው ያርሳል፤ ውሻው የጎረቤትንም ግቢ ይጠብቃል። እዚህ ግልጽነት አለ፥ ለሌላው የሚተርፍ ጥቅምም አለ። በሣጥን ያለው እፉኝት ግን ማር የለውም፤ ያለበትንም ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህም እባብን ማኖር በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። በብራዚል አገር በሳን ፓውሎ ከተማ በ1901 ዓ.ም. የተመሠረተው የቡታንታን ተቋም፥ በኮስታ ሪካም በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመው የክሎዶሚሮ ፒካዶ ተቋም፥ መርዘኛ እባቦችን ያኖራሉ። መርዛቸውን ያልባሉ፤ ከመርዙም በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ ይወጉታል፤ ከፈረሱም ደም ማርከሻ ያወጣሉ። ይህን መንገድ አልበርት ካልሜት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1890ዎቹ ዓመታት ከጀመሩት አንዱ ነበር። ለደም ግፊት የሚሰጠው ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒትም የተገኘው በብራዚል እፉኝት መርዝ ላይ ከተደረገ ምርምር ነው። በእነዚህ ቤቶች እባቡ የታሰረው ለነዳፊውና ለተነዳፊው ዓለም ጥቅም ነው፤ የሚገቡትም ሁሉ ወዴት እንደሚገቡ ያውቃሉ። በመኝታ ቤት ያለው ሣጥን የቡታንታን ታናሽ ወንድም አይደለም።

«የእባብን ጠባይ ጠንቅቄ አውቃለሁ» ለሚል ሰውም የካርል ሽሚትን ታሪክ ላስታውሰው። በቺካጎ ቤተ መዘክር ዕድሜውን ሙሉ እባብን ያጠና ታላቅ ሊቅ ነበረ። በመስከረም 1957 ዓ.ም. ከከተማው የእንስሳት ማሳያ የተላከለትን አንድ ትንሽ የአፍሪካ የዛፍ እባብ ሲመረምር አውራ ጣቱን ነደፈው። መርዙ ጥቂት ስለ መሰለው አልተጨነቀም፤ የሚሰማውንም ሁሉ በጥንቃቄ ይጽፍ ነበር። በማግሥቱ ሞተ። ይህ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ነውና የሞተው ስሙን በአክብሮት እንጠራዋለን፤ ነገር ግን ከእርሱ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ማን ነው?

የመጨረሻው ተቃውሞ ከቤታችን የሚወጣ ነው። «የሚያምን ሰው እባብን ቢይዝ እንደማይጎዳ በማርቆስ ወንጌል መጨረሻ ተጽፎ የለምን?» ይባላል። በአሜሪካ ተራራማ አገር በዚህ ቃል ተነሥተው መርዘኛ እባብን በጸሎት ጉባኤ የሚያነሡ ሰዎች አሉ። ከ1910 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ልማዱን ካስፋፉት መካከል ዋናው ጆርጅ ሄንስሊ የተባለ ሰባኪ ነበረ፤ በ1955 ዓ.ም. በፍሎሪዳ በጉባኤ መካከል ያነሣው እባብ ነድፎት ሞተ። በ2014 ዓ.ም.ም በኬንታኪ አንድ መጋቢ በእንዲሁ ያለ ንድፊያ ሕክምና አልቀበልም ብሎ ሞቶአል። ስለ እምነታቸው አልዘብትም፤ ልባቸውን የሚያውቅ አንድ ነው። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ በመላጥያ ደሴት ጭራሮ ሲሰበስብ እፉኝት እጁን በያዘችው ጊዜ ያደረገውን ተመልከት፤ ወደ እሳቱ አራገፋት እንጂ ለምልክት ትሁነኝ ብሎ በአገልግል አልከተታትም፥ አስቀድሞም ፍለጋ አልወጣም። ጌታችንም ከመቅደስ ጫፍ ራሱን ይጥል ዘንድ በተፈተነ ጊዜ የጥበቃው ተስፋ ሐሰት ነው አላለም፤ ተስፋውን መፈታተኛ ማድረግን ግን እምቢ አለ። በአገራችንም አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ የወጡት በእባብ ተስበው ነው ይባላል፤ ያን ጊዜም መልአኩ ሚካኤል ሰይፍ ይዞ ይጠብቃቸው እንደ ነበረ አብሮ ይነገራል። እንደ ትረካው ከሆነ እንኳ፥ መልአክ የቆመላቸው አባት ያለ ጠባቂ አልወጡም።

ምናልባት ፍጥረትን ከልብህ የምትወድ ሰው ነህ፤ እንዲህ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ በዱላ ከሚሮጡት ትሻላለህ። ነገር ግን እፉኝቱ አንተን አያውቅህም፤ ስታበላው ይበላል፥ ስትነካው ይታገሥሃል ወይም አይታገሥህም። ውሻ እንደሚወድህ አይወድህም። በሣጥኑ ፊት ቆመህ የሚሰማህ ደስታ ከእባቡ የመጣ ነው ወይስ «አይፈራም» ከሚሉህ ሰዎች የመጣ? ይህን ብቻህን ሆነህ መርምረው። የዶኪን እፉኝት የምትወድ ከሆንህ ደኑ ሲመነጠር ዝም አትበል፤ እርሱ የሚሻው ጥላውንና የወደቀ ቅጠሉን ነውና።

አሁን በቤትህ እንዲህ ያለ ፍጥረት ቢኖር፥ በሌሊት አውጥተህ በሰው እርሻ ዳር አትጣለው፤ ጭንቀትህን ወደ ሌላው ደጅ ማዛወር ይሆናልና። የአገራችን የዱር እንስሳት አዋጅ፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 541፥ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፤ ስለዚህ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኖች አስታውቀህ አስረክብ። ካመለጠም በዚያው ሰዓት፥ ሳታፍር፥ ለጎረቤት ሁሉ ተናገር።

ሰው በተነደፈ ጊዜ ቢላዋ አታምጣ፥ ቍስሉን አትብጣ፥ በአፍህ አትምጠጥ፥ እግሩንም በገመድ አጥብቀህ አትሰር። ቀለበቱንና አምባሩን አውልቅለት፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በእንጨት ደግፈህ እንዳይንቀሳቀስ አድርግ፤ እርሱን አታስኪደው፥ ተሸክመህ ወደ መቱ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤት ፈጥነህ አድርሰው። እባቡን ለመግደል ወይም ለመያዝ ብለህ ጊዜ አታጥፋ፤ መልኩን አስታውሰህ ለሐኪሙ ንገር።